እንቆቅልሽ በክትባት ሥልጠና አዳራሽ

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ስለ ክትባት አያያዝ ሳሠለጥን በጣም የሚፈትነኝ «ግልጽ ነው» የሚለው መልስ ነው። የወረዳው ኃላፊ ፊት ለፊት ተቀምጠው ማን ደፍሮ «አልገባኝም» ይላል?

በየሥልጠናው የተለመዱትን ማነቃቂያዎች ሞክሬአለሁ፤ ኳስ መወራወር፣ ስምን ከእንስሳ ስም ጋር ማጣመር፣ ተነሥቶ ማጨብጨብ። ይሳቃል፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ዝምታው ተመልሶ ይመጣል። ደግሞስ ጡረታ የቀረባቸውን ነርስ «እንደ ዝንጀሮ ይዝለሉ» ማለት የእኔ አንደበት አይችለውም።

ሁሉም ሕጉን የሚያውቀው ጨዋታ እንቆቅልሽ ነው። መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው በተሰጠው አገር እንዴት እንደሚበላና እንደሚጠጣ ተጎማልሎ ከተናገረ በኋላ መልሱን ይገልጣል። አለማወቅ ዋጋው የታወቀ ስለሆነ ከፍሎ ማለፍ ይቻላል። ለእኔ ሥራ ከዚህ የተሻለ ሕግ የለም።

«እንቆቅልሽ!» ስል አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ምን አውቅልህ!» አለ።

«ሙቀት ቀስ በቀስ ያደክመኛል፤ ውርጭ ግን በአንድ ጊዜ ይገድለኛል።»

«የፖሊዮ ጠብታ!» አሉ ብዙዎቹ። የፖሊዮ ጠብታ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ በረዶ አይጎዳውም። «አገር ስጡኝ» አልኩ፤ ባሌን ሰጡኝ። መልሱ ፔንታ፣ ማለትም አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት፣ መሆኑን ስናገር ከኋላ አንዲት ባለሙያ፣ «እኔ አይስ ፓኩን፣ ያንን በረዶ የሆነ የውኃ ማሸጊያ፣ ከማቀዝቀዣው አውጥቼ ወዲያው ነው የክትባት መያዣው ሳጥን ውስጥ የምከተው፤ እንግዲያው ፔንታውን ገድዬዋለሁ?» አለች። ሌሎች ሦስት አራት እጆችም ተነሡ። ይህ ጥያቄ «ግልጽ ነው?» ሲባል ወጥቶ አያውቅም።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጥ የሚለውን ስላይድ ተውኩትና በረዶ የሆነ አይስ ፓክ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞር አደረግሁ። እያንዳንዷ ጆሮዋ ሥር አድርጋ ትነቀንቀዋለች። ውስጡ የቀለጠ ውኃ መንቦጫረቅ ሲጀምር ያኔ ፔንታ ካለበት ሳጥን መግባት ይችላል።

ቀጥሎ የብልቃጡ ሙቀት ጠቋሚ መጣ፤ ብልቃጡ ላይ ያለ፣ በክብ መካከል የተቀመጠና ሙቀት ሲያገኘው የሚጠቁር ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት ነው፦ «ነጣ ብዬ እጀምራለሁ፤ እየጠቆርኩ እሄዳለሁ፤ የከበበኝን ክብ ከመሰልኩ ጣሉኝ።» ይህን ወዲያው መለሱት።

አሁን እንቆቅልሾቹን የማዘጋጀው በጤና ኬላዎች ድጋፋዊ ጉብኝት ላይ ካየኋቸው ስሕተቶች ነው። አገር የሚሰጠው ጠረጴዛው በሙሉ እንጂ ግለሰብ አይደለም። ኃላፊውን አስቀድሜ አነጋግራቸዋለሁ፤ መጀመሪያ አገር የሚሰጡት እሳቸው ከሆኑ የሌላው ምላስ ይፈታል። ጊዜው ከምሳ በኋላ ነው፤ ጠዋት ሰው በራሱ ንቁ ስለሆነ አላባክነውም። መልሱ ከተነገረ በኋላ ዕቃውን በእጅ ካላስነካሁ ግን የሚቀረው ሳቁ ብቻ ነው።

በማግሥቱ እንቆቅልሽ የመሥራቱ ተራ የእነሱ ነው። አንዱ ጠረጴዛ፣ «ሳልበጠበጥ ወራት እቆያለሁ፤ ከተበጠበጥኩ ከስድስት ሰዓት በላይ አልቆይም» ብሎ ጠየቀ። ግማሹ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት)፣ ግማሹ የኩፍኝ ክትባት አለ። ሁለቱም በዱቄት መልክ መጥተው በፈሳሽ የሚበጠበጡ ስለሆኑ ትክክል ናቸው። ጠያቂዎቹ ግን በልባቸው የያዙት ቢሲጂን ብቻ ስለነበር የኩፍኝ ወገኖችን አገር አምጡ ብለው ያዟቸው፤ እስከ ሻይ ሰዓት ተከራከሩ፣ እኔም አልገላገልኳቸውም።