ቀጭን ክር፣ ትንሽ ስፒነር፦ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ትራውት ስናጠምድ

ኮሎራዶ ውስጥ ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውሃ አሳ ማጥመድ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ፍላይ ፊሺንግ ነው፣ ያ ረጅሙ ዘንግ አየር ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ላባ የታሰረበትን መንጠቆ ውሃው ላይ ቀስ አርጎ የሚያሳርፈው፣ ደስ የሚል ጥበብ ነው ምንም አልልም። ካልሆነ ደግሞ ሐይቅ ዳር ወንበር ዘርግቶ ትል ወይም ፓወርቤይት የሚባለውን ባለቀለም ሽታ ያለው ሊጥ መንጠቆ ላይ ሰክቶ እስኪነካ መጠበቅ ነው። እኔን የያዘኝ ግን መሀላቸው ያለው ነው፣ ቀጭን ዘንግ ቀጭን ክር ይዞ 3 ግራም ገደማ የምትመዝን ስፒነር፣ ማለት ቅጠል የመሰለች ብረት የምትሽከረከርባት ሉር (አሳ የምታታልል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ)፣ እየወረወሩ እየጠቀለሉ፣ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው እየሄዱ ውሃውን መፈተሽ። ዴንቨርና አውሮራ ብዙ ሀበሻ አለ፣ ተራራው ደግሞ ከየበራችን ይታያል፣ አንድ ሰዓት ነድተን ትራውት ያለበት ውሃ ላይ እንደርሳለን፣ ስለዚህ እስቲ የማውቀውን ልጻፍ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ዋናውን ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቀለምና ስለ ብራንድ ነው። ትራውት የሚይዝላችሁ ሉሯ በምን ፍጥነት እና በምን ጥልቀት እንደምትሄድ ነው። ወርቅማ ሆነች ብርማ፣ ቀይ ነጥብ ኖራት አልኖራት፣ ያ ሁሉ ከዛ በኋላ የሚመጣ ነው። አብዛኛው ሰው በጣም ፈጥኖ ይጠቀልላል፣ ሉሯ ከውሃው ወለል ስር ትንሽ ዝቅ ብላ ስትበር አሳው ደግሞ ሁለት ሜትር ታች ቁጭ ብሎ አያያትም፣ ቢያያትም ለዛች ለትንሽ ነገር ብሎ ያን ያህል ጉልበት አያወጣም።

ስለ ዕቃው ባጭሩ፣ ዘንጉ አልትራላይት የሚባለው ነው፣ ከ5 ጫማ እስከ 6 ጫማ ተኩል ቢሆን ጥሩ፣ ጠባብ ጅረት ላይ ዛፍ ስለሚይዛችሁ አጭሩ ይሻላል፣ ሐይቅ ላይ ደግሞ ረጅሙ ያርቅላችኋል። ሪሉ፣ ክሩ የሚጠቀለልበት ማለት ነው፣ 1000 ቁጥር ስፒኒንግ ሪል ይበቃል። ክሩ 4 ፓውንድ የሚችል ሞኖ፣ ማለት አንድ ወጥ የናይለን ክር ነው፣ ቢበዛ 6። ሰው 4 ፓውንድ ሲባል ይደነግጣል ይበጠሳል ብሎ፣ ግን ወፍራም ክር ይዛችሁ 3 ግራም ብረት ብትወረውሩ አይሄድላችሁም፣ ክሩ ራሱ ይይዘዋል፣ ደግሞ የተራራ ውሃ ጥርት ያለ ስለሆነ ወፍራም ክር አሳው ያየዋል። ከመበጠስ የሚያድናችሁ የክሩ ውፍረት ሳይሆን የሪሉ ድራግ ነው፣ ማለት ክሩ ሲጎተት የሚለቅበት ማጥበቂያ፣ እሱን ክሩ ከሚችለው ሩብ ያህል ላይ አላሉት፣ አሳው ሲጎትት ክር እየሰጠ ይሄዳል፣ ሲደክም እናንተ ትጠቀልላላችሁ። አንድ ነገር እንዳትረሱ፣ ስፒነር ስለሚሽከረከር ክሩን ይጠመዝዘዋል፣ ከሉሯ ትንሽ ከፍ ብሎ ጥሩ የምትዞር ትንሽዬ ማያያዣ፣ ስዊቭል የምትባለውን፣ እሰሩ። ርካሹ ስዊቭል አይዞርም፣ እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ሉር ስላችሁ ብዙ ዓይነት አለ፣ እኔ ግን ለጀማሪ የምመክረው ሦስት ብቻ ነው፣ ሜፕስ አግሊያ 0 ወይም 1 ቁጥር፣ ፓንተር ማርቲን ትንሹን፣ እና ለሐይቅ ካስትማስተር የሚባለውን ስፑን፣ ማለት የሚሽከረከር ቅጠል የሌላት ድፍን ብረት። ሜፕስ የፈረንሳይ ነው፣ በፈረንጆቹ 1938 ነው የተጀመረው፣ አሜሪካ የገባበት ታሪክ ደግሞ ደስ ይለኛል፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ወታደር አንዷን ዊስኮንሰን ውስጥ አንቲጎ የምትባል ከተማ የአሳ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ለነበረው ለቶድ ሼልደን ሰጠው፣ ሰውዬው በ1951 ዎልፍ ወንዝ ላይ አሳ እምቢ ሲለው አውጥቶ ወረወራት፣ ትላልቅ ትራውቶች ያዘባት፣ ከዛ በኋላ ፈረንሳይ ካለች አንዲት ሴት ጋር ናይለን ስቶኪንግ እየላከ በስፒነር መለዋወጥ ጀመረ። ካምፓኒው እስከ ዛሬ የሽኮኮ ጭራ ከአዳኞች እየገዛ መንጠቆው ላይ ያስራል፣ ፀጉሩ ውሃ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ሕይወት ያለው ይመስላል።

የአግሊያ ቅጠል ክብ ስለሆነ ሰፋ ብሎ ነው የሚሽከረከረው፣ ማለት ቀስ ብላችሁ ብትጠቀልሉም ይዞራል፣ ለዛ ነው ለቀስታ ውሃ የምወዳት። ሎንግ የሚባለው ረጅም ቅጠል ያለው ዓይነት ወደ ስፒነሯ መሀል ሽቦ ተጠግቶ ስለሚዞር ውሃው ብዙ አይገፋውም፣ ጠለቅ ብሎ ይሄዳል፣ ለፈጣን ወንዝ እሱ ነው። ትክክለኛው ፍጥነት ምን ያህል ነው ላላችሁኝ መልሱ ቅጠሉ መሽከርከሩን እስካላቆመ ድረስ የምትችሉትን ያህል ቀስ ማለት ነው። ዘንጉ ጫፍ ላይ ድር ድር ድር የሚል ንዝረት ይሰማችኋል፣ ያ ንዝረት ካለ ትክክል ናችሁ፣ ከጠፋ ወይ ቀስታው በዝቷል ወይ ሳር ይዟል። አሳው በጎኑ በኩል ንዝረት የሚሰማበት መስመር አለው፣ ሉሯን ሳያያትም ሊሰማት ይችላል።

ወንዝ ላይ አሳው ፊቱን ወደ ላይ ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ ነው የሚቆመው፣ ምግቡ ከዛ ስለሚመጣ። ደግሞ መሀል ወራጁ ውስጥ ቆሞ ጉልበቱን አይጨርስም፣ ዝናብ ሲመጣ ጣራ ስር እንደሚጠለል ሰው ከድንጋይ ጀርባ፣ ከወደቀ ግንድ ስር፣ ፈጣኑና ቀስተኛው ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ እየሄዳችሁ፣ ከጀርባው ሆናችሁ ወደ ላይ ወርውሩ፣ ከዛ ከውሃው ፍጥነት ትንሽ በለጥ አርጋችሁ ጠቅልሉ፣ አለበለዚያ ስፒነሯ ሳትዞር እየተንከባለለች ትመጣና ድንጋይ ስር ትገባለች። ድንጋዩን አሳልፋችሁ ወርውሩ እንጂ ድንጋዩ ላይ አትጣሉ፣ ጭንቅላቱ ላይ ቷ ካለችበት ይሄዳል። ክሊር ክሪክ የሚባለው ጅረት ከአይ 70 አውራ ጎዳና ጎን ለጎን ነው የሚወርደው፣ አይዳሆ ስፕሪንግስ ላይ መኪና አቁማችሁ ይሄንን መለማመድ ትችላላችሁ፣ ያሉት አብዛኞቹ ትናንሽ ብራውን ትራውቶች ናቸው፣ ግን ለማስተማር ከነሱ የተሻለ አስተማሪ የለም።

ሐይቅ ደግሞ ሌላ ነው፣ ወራጅ ስለሌለ አሳው ራሱ ይዞራል። ጠዋት በጣም በማለዳ እና ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ዳር ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ከእግራችሁ ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ነው፣ ስለዚህ እንደደረሳችሁ ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ መጀመሪያ ከዳሩ ትይዩ ወርውሩ። ፖላራይዝድ መነጽር አድርጉ፣ የውሃውን ነጸብራቅ ስለሚያጠፋ ጥልቀቱ የሚጀምርበትን ቦታ ታዩበታላችሁ፣ ፈዘዝ ያለው አረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚቀየርበት መስመር ማለት ነው፣ አሳው እሱን ተከትሎ ነው የሚዞረው። ጅረት ወደ ሐይቁ የሚገባበት ቦታ ካለ ደግሞ መጀመሪያ እዛ ሂዱ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጥልቀት ፍለጋ ነው፣ ካስትማስተሯን ወርውሩና ስትሰምጥ ቁጠሩ፣ 3 ቆጥራችሁ ጠቅልሉ፣ ካልነካ 6፣ ካልነካ 9፣ በስንት ቁጥር እንደነካችሁ ካወቃችሁ የቀረውን ጠዋት እሱን ቁጥር ነው የምትደግሙት። የብዙ ሰው ችግር የሚፈታው በዚች መቁጠር ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ክረምት መውጫ የእህቴን ልጅ ኤኮ ሌክ ይዤው ሄድኩ፣ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ማውንት ብሉ ስካይ ስር ያለው ሐይቅ። 14 ዓመቱ ነው፣ ጌም የለመደ ልጅ ስለሆነ ሁሉን ነገር በፍጥነት ነው የሚያደርገው፣ "አጎቴ ምንም የለም እዚህ" ይለኛል። እጁን ያዝኩና "ባባዬ፣ በጣም ቀስ፣ ንዝረቱን ብቻ ስማ" አልኩት። ትንሽ ቆየና "አጎቴ፣ ቆመ እኮ፣ ድንጋይ ያዘ" አለኝ፣ ከዛ ድንጋዩ ጎተተው። ልጁ የጮኸው ጩኸት! በአማርኛ ነው ደግሞ የጮኸው፣ ቤት ውስጥ ለምነነው የማይናገረውን። ብዙ ጊዜ ትራውት ሲነካ የሚሰማው እንደዛ ነው፣ ንዝረቱ ድንገት ይቆማል፣ ያኔ ዘንጉን ቀና ማድረግ ነው።

እዚህ ያሉት ትራውቶች አብዛኞቹ እንደኛው ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው፣ ሬንቦው ከፓሲፊክ ዳርቻ፣ ብራውን ከአውሮፓ፣ ብሩክ ከምሥራቅ አሜሪካ። የአገሩ ልጅ ከትሮት የሚባለው ነው፣ አገጩ ስር ቀይ መስመር ያለው። ከከትሮት ዘሮች አንዱ ግሪንባክ የኮሎራዶ የስቴት አሳ ነው፣ ከ1994 ጀምሮ። የሱ ታሪክ ልብ ይነካል፣ በ1937 ጠፍቷል ተብሎ ነበር፣ በኋላ አለ ተባለ፣ ብዙ ውሃ ላይም ተለቀቀ፣ በ2012 ግን በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የተመራ የዘረመል ጥናት ሙዚየም ውስጥ በአልኮል የተቀመጡ የድሮ አሳዎችን ሲያነጻጽር እውነተኛው ግሪንባክ የቀረው በአንድ ጅረት ብቻ ሆኖ ተገኘ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ባለ ቤር ክሪክ፣ ኤቨርግሪን ውስጥ ከሚያልፈው ቤር ክሪክ ጋር እንዳታምታቱት። እዛም የተረፈው በ1870ዎቹ አንድ የሆቴል ባለቤት ቱሪስት ለመሳብ ብሎ ከሌላ ውሃ አምጥቶ ስለለቀቀው ነው። ከዛ ዘር እያራቡ ወደ ጥንት አገሩ ወደ ሳውዝ ፕላት ተፋሰስ መለሱት፣ በ2022 ደግሞ አይ 70 አጠገብ ያለው ኸርማን ገልች ላይ ራሱ መራባት መጀመሩ ተነገረ። በዛ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አገር ቤት ትራውት የለም ለምትሉኝም አለ፣ ባሌ። ከኬንያ መጥቶ ዌብና ዳንቃን በመሰሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ላይ የተለቀቀ ነው። ቆሮሶና አምባዛ የሚኖሩበት የሐዋሳና የዝዋይ ውሃ ለትራውት ይሞቀዋል፣ የባሌ ከፍታ ግን ይመቸዋል፣ እኔም አንድ ቀን ይቺን ዘንግ ይዤ ዲንሾ የመሄድ ሐሳብ አለኝ።

ሕጉን አትናቁ። 16 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ላይሰንስ ያስፈልገዋል፣ ዓመታዊው ከማርች 1 እስከ ሚቀጥለው ዓመት ማርች 31 ድረስ ይሠራል፣ ጁን መጀመሪያ ላይ ላይሰንስ የማይጠየቅበት አንድ ቅዳሜና እሁድ አለ፣ ለመሞከር እሱ ጥሩ ነው። በአጠቃላዩ ሕግ በቀን 4 ትራውት ነው የሚወሰደው፣ ከ8 ኢንች ያልበለጠ ብሩክ ትራውት ደግሞ ተጨማሪ 10 ይፈቀዳል፣ ግን የየውሃው ሕግ ስለሚለያይ ከመሄዳችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ። ፍላይና ሉር ብቻ የሚል ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ትልም ፓወርቤይትም ሽታ የተቀባ ፕላስቲክም አይፈቀድም፣ የኛ ስፒነር ግን ይፈቀዳል፣ በዚህ ምክንያት የሚያምሩ ውሃዎች ክፍት ይሆኑልናል።

የምትለቁት አሳ እንዲኖር ከፈለጋችሁ መንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የወጣችውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቋት፣ ባለ ሦስቱን መንጠቆ አውጥታችሁ ባለ አንድ ብታደርጉት ደግሞ የበለጠ ነው፣ እጃችሁን አርጥባችሁ ያዙት፣ ፎቶው ከውሃው ሳይወጣ ይነሳ። ጁላይና ኦገስት ታች ያሉት ወንዞች ይሞቃሉ፣ ውሃው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ትራውቱ ኦክስጅን ያንሰዋል፣ ብትለቁትም ሊሞት ይችላል፣ ያኔ ወይ በጠዋት ጨርሱ ወይ ወደ ላይ ወደ ሐይቆቹ ውጡ። እነሱ ብዙዎቹ በረዷቸው የሚለቀው ጁን ላይ ነው፣ በረዶው እንደለቀቀ ያሉት ቀናት ከዓመቱ ሁሉ የተሻሉ ናቸው። ግን ከቀትር በኋላ መብረቅ አለ፣ የግራፋይት ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ደመናው መቆለል ሲጀምር ዘንጉን አጣጥፋችሁ ወደ መኪና፣ አሳው እየነካ ቢሆንም።

ለመብላት የምወስደው ብሩክ ትራውት ነው፣ ትናንሾቹን፣ ቁጥራቸው ስለሚበዛና ከትሮቱን ስለሚያፈናቅሉት መውሰዱ ውሃውን አይጎዳም። ቅርፊታቸው ስስ ስለሆነ መፋቅ አያስፈልግም፣ ሆዱን አጽድታችሁ ጎኑን ሰንጠቅ ሰንጠቅ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ሚጥሚጣ፣ ትንሽ ዱቄት ነስንሳችሁ በዘይት እስኪንኮሻኮሽ ጥበሱት፣ በጾም አሳ የሚበላበት ቤት ከሆነ በእንጀራ ከቲማቲም ለብለብ ጋር አቅርቡት። ትልቁን ብራውን ግን እኔ አልወስድም፣ ዘር የሚተካው እሱ ነው፣ እሱን ወደ ውሃው።