ከፍቺ በኋላ ግሪን ካርዴን ስለ መመለሴ

ዘመዶቼ ፍቺዬን ውለው አድረው ተቀብለውታል፤ ግሪን ካርዴን መመለሴን ግን እስከ ዛሬ ይቅር ያላሉኝ አሉ። ትልቋ አክስቴ ትዳሬ መፍረሱን በነገርኳቸው ጊዜ «ዕድል ፈንታሽ ካልሆነ ምን ይደረጋል» ብለው ነገሩን በአጭሩ ዘግተውት ነበር። የካርዱን ወሬ የሰሙ ዕለት ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው፣ «ባል ቢሄድ ባል ይመጣል፤ አሜሪካ ግን አንዴ ከሄደ ሄደ ነው» አሉኝ። በአክስቴ አልፈርድም። በየዓመቱ ዲቪ ሲከፈት ፎቶውን ይዞ ኢንተርኔት ቤት የሚሰለፈውን ወጣት እያየ ለሚኖር ሰው፣ እጇ የገባውን ካርድ አሽጋ በፖስታ የምትመልስ ሴት ጤነኛ ልትመስለው አትችልም።

የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ከአክስቴ ቀጥሎ ከጠየቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ ጥያቄያቸውን የሚጀምሩት «ባልሽ ነው ያስነጠቀሽ?» በማለት ነው። ማንም አላስነጠቀኝም፤ የሚያስወጣኝም አልነበረም። ከአሜሪካ ዜጋ ጋር ተጋብቶ የሄደ ሰው፣ ቋሚ ነዋሪነቱን ባገኘበት ቀን ጋብቻው ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ፣ በመጀመሪያ የሚሰጠው ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል፣ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ካርድ ነው። ይህ ካርድ ጊዜው ከማለፉ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት አንድ ላይ ፈርመው አይ-751 የተባለውን ቅጽ ያስገባሉ፤ ከተፈቀደ የአሥር ዓመቱ ካርድ ይመጣል። እኔ ይህን ያለፍኩት ትዳሬ ገና ደኅና ሳለ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ፍቺ ደግሞ በእውነት ለትዳር የተጋባን ሰው ነዋሪነት አያሳጣም። ሁለቱ ዓመት ሳይሞላ ቢፋቱ እንኳ፣ ጋብቻው ለካርድ ሲባል ብቻ ያልተደረገ መሆኑን በማስረጃ ያሳየ ሰው የትዳር ጓደኛው ፊርማ ሳያስፈልገው ቅጹን ብቻውን ማስገባት ይችላል። በትዳሩ ውስጥ ድብደባና ግፍ የደረሰበት ሰውም ብቻውን የሚያመለክትበት መንገድ በሕጉ አለ። ይህን የምዘረዝረው በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ «ካርድሽን አስነጥቅሻለሁ» በሚል ማስፈራሪያ ብቻ በቤት ውስጥ ታስረው የሚኖሩ እኅቶችን ስለማውቅ ነው። ካርዱን የሚሰጠውም የሚነሣውም መንግሥት እንጂ ባል አይደለም።

እኔና የቀድሞ ባለቤቴ የተፋታነው በሜሪላንድ ነው። የሜሪላንድ የፍቺ ሕግ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ተሻሽሎ፣ ማን በደለ ማን ተበደለ የሚለው ክርክር የፍቺ ምክንያት መሆኑ ቀርቷል፤ አሁን በሁለቱ ስምምነት፣ ሊታረቅ በማይችል ልዩነት ወይም ለስድስት ወር ተለያይቶ በመኖር መፋታት ይቻላል። ተለያይቶ መኖር የሚባለው በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኖም ሊሆን እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል፤ የሜሪላንዱን የሞንትጎመሪ ካውንቲ የቤት ኪራይ ውድነት ለሚያውቅ ሰው የዚህን ድንጋጌ ጥቅም ማስረዳት አያስፈልግም። ሽማግሌዎቻችን ግማሾቹ ከአዲስ አበባ በስልክ፣ ግማሾቹ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአካል እየመጡ ደክመውልናል። ልጅ አልነበረንም። ቢኖረን ኖሮ ወደ አገር መመለሱ እንዲህ በእኔ ውሳኔ ብቻ የሚሆን ነገር አልነበረም፤ የሌላውን ወላጅ የማሳደግ መብት ለመንፈግ ብሎ ልጅን ከአሜሪካ ይዞ መውጣት በፌዴራል ሕግ የሚያሳስር ወንጀል ነው። ስለ ፍቺው ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የታሪኩ ግማሽ የእርሱ ነውና።

አሜሪካ የሄድኩት እርሱ እዚያ ስለነበረ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የሒሳብ ባለሙያ ነበርኩ፤ እዚያም በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቢሮ ውስጥ የደመወዝ ሒሳብ እሠራ ነበር፤ ኑሮው አልከፋብኝም። ሆኖም ትዳሩ ካበቃ በኋላ በዚያ አገር የምቆይበትን ምክንያት ስፈልግ ያገኘሁት ካርዱን ራሱን ብቻ ነበር። ካርድ ላለማጣት ብቻ ሲባል የሚኖር ኑሮ ደግሞ በቅርብ አይቻለሁ። ልጆቻቸው አስመጥተዋቸው በዓመት ውስጥ እየተመላለሱ የሚኖሩ እናቶችንና አባቶችን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ስድስት ወር ሊሞላቸው ሲል ሻንጣቸውን ይዘው ዋሽንግተን አጠገብ ባለው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳሉ፤ በድንበር ጠባቂው ፊት «የት ነው የሚኖሩት?» ለሚለው ጥያቄ ልጃቸው ያስጠናቸውን መልስ ይሰጣሉ፤ ከርመው ይመለሳሉ። ስድስት ወር ሳይሞላ መግባት ብቻውን ነዋሪነትን እንደሚጠብቅ በሰፊው ይታመናል፤ ሕጉ የሚመለከተው ግን ሰውየው ቋሚ ኑሮውን የት እንዳደረገ ነው፤ ቤቱ፣ ሥራው፣ የግብር መዝገቡ፣ ቤተሰቡ የት እንዳሉ ይታያል። ካርዱ ላይ የታተመው የአሥር ዓመት ቀን የካርዱ ዕድሜ እንጂ የመቅረት ፈቃድ አይደለም።

ወዳጆቼ ሁለት ምክር ሰጥተውኝ ነበር፤ ሁለቱም በቅንነት የተሰጡ ስለሆኑ በቅንነት ላንሣቸው። የመጀመሪያው ከመሄዴ በፊት የመመለሻ ፈቃድ እንዳወጣ ነው። አይ-131 በሚባለው ቅጽ የሚጠየቀው ይህ ፈቃድ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ውጭ መቆየትን ይፈቅዳል፤ ማመልከቻው የሚገባው ግን አመልካቹ በአካል አሜሪካ ውስጥ እያለ ነው። ለታመመ ወላጅ ወይም ጊዜው ለታወቀ ትምህርት ይህ ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ውጭ የሚቆየው ለጊዜው ብቻ ለሆነ ሰው ነው፤ እኔ ግን ለመቅረት ወስኜ ነበርና በዚያ ቅጽ ላይ ብፈርም ሐሰት እፈርም ነበር።

ሁለተኛው ምክር ይበልጥ አሳስቦኛል፦ «አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ፓስፖርቱን ውሰጂ፤ ከዚያ የፈለግሽበት ግቢ።» ከአሜሪካ ዜጋ ጋር ተጋብቶ አብሮ የሚኖር ሰው በሦስት ዓመት ለዜግነት ማመልከት ይችላል፤ መለያየት ሲመጣ ግን ይህ አጭር መንገድ ይዘጋና አምስት ዓመቱን መጠበቅ ግድ ይሆናል። እኔ አምስቱን ሞልቼ ነበርና ማመልከት እችል ነበር። ያላመለከትኩት በሁለት ምክንያት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ተወ ይቆጥረዋል። ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ መግባትንና ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን ይሰጣል፤ መምረጥንና መመረጥን ግን አይሰጥም። በምርጫ ሰልፍ ብዙ የቆምኩ ሰው አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ለመኖር ወደምመለስበት አገር በእንግዳ መታወቂያ መግባት አልዋጥ አለኝ። ሁለተኛው ምክንያት የሙያዬ ነው፦ የአሜሪካ ዜጋ የትም ዓለም ቢኖር ገቢውን ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። አዲስ አበባ ተቀምጦ በየዓመቱ ሚያዝያ ሲመጣ የዚያን አገር ቅጽ መሙላት ለሰው በክፍያ ሠርቼለት የማውቀው ራስ ምታት ነው፤ በራሴ ላይ ለዕድሜ ልክ ልጭነው አልፈለግሁም።

ካርዱን የመመለሱ ሥርዓት ራሱ እጅግ ቀላል መሆኑ ገርሞኛል። ቅጹ አይ-407 ይባላል፤ አጭር ነው፤ ክፍያም የለውም። ስም፣ የነዋሪነት ቁጥር፣ ከአሜሪካ መጨረሻ የተወጣበትን ቀንና ምክንያቱን ይጠይቃል። ተፈርሞ ከካርዱ ጋር በፖስታ ይላካል። ለመግባት ያን ያህል የገንዘብ፣ የምስክር፣ የሕክምናና የቃለ መጠይቅ ውጣ ውረድ የሚጠይቅ አገር ለመውጣት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ «ምክንያት» የሚለው ክፍት ቦታ ነበር። ትዳሬ እንዴት እንደ ፈረሰ መጻፍ ጀምሬ ተውኩት፤ ቅጹን የሚያየው ሠራተኛ ይህን አልጠየቀም። በመጨረሻ የጻፍኩት ዜጋ በሆንኩበት አገር በቋሚነት ለመኖር መወሰኔን ነው።

ቅጹን መላክ ለስሜት ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። ዝም ብሎ ወጥቶ የቀረ ሰው ካርዱ ጊዜው ቢያልፍበት እንኳ፣ ነዋሪነቱ በሥርዓት እስኪቋረጥ ድረስ በግብር ሕጉ ፊት የአሜሪካ ነዋሪ ሆኖ ሊቆጠርና ኢትዮጵያ የሚያገኘውን ደመወዝ ሁሉ የማስታወቅ ግዴታ ሊኖርበት ይችላል። ካለፉት 15 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ በ8ቱ ካርዱን የያዘ ሰው ደግሞ ሲመልስ ተጨማሪ ቅጽ፣ ሀብቱ ከፍ ያለ ከሆነም የመውጫ ግብር ይጠብቀዋል፤ እኔ እዚያ አልደረስኩም። ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚያበቃው በሥራ የሚገኝ 40 ነጥብ ሲሆን በዓመት ከአራት በላይ ስለማይገኝ፣ ቢያንስ አሥር ዓመት መሥራትን ይጠይቃል፤ ያንንም አልሞላሁም፤ ከደመወዜ የተቆረጠው እዚያው ቀርቷል። ለመመለስ ያሰበና ዘጠነኛው ዓመት ላይ ያለ ሰው ካለ፣ ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት ይህን ቢያሰላ ይጠቅመዋል። የቀድሞ ባለቤቴም ሳያስበው ተጠቅሟል። ሲያስመጣኝ በገንዘብ ሊደግፈኝ ለመንግሥት የፈረመው የድጋፍ ቃል በፍቺ የሚቀር አልነበረም፤ እኔ ዜግነት እስክይዝ፣ 40ውን ነጥብ እስክሞላ፣ ወይም ነዋሪነቴን ትቼ እስክወጣ ድረስ ያስረው ነበር። ከሁለታችን ይበልጥ የተፈታው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከባዱ ሥራ የጠበቀኝ እዚህ ነው። ጋብቻችን የተመዘገበው አዲስ አበባ ስለነበር፣ በሜሪላንድ በሮክቪል ፍርድ ቤት የተፈታሁ ሴት በአዲስ አበባ መዝገብ ላይ ያገባሁ ሆኜ ቆየሁ። እዚህ ቤት ለመግዛትም ሆነ ለመሸጥ፣ ከባንክ ለመበደርም የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ያገባ ሰው ደግሞ የትዳር ጓደኛውን ፈቃድ ይዞ መቅረብ አለበት። ኢትዮጵያ የአንዱ አገር ሰነድ በአንድ ማረጋገጫ ብቻ በሌላው አገር እንዲታመን የሚያደርገው የአፖስቲል ስምምነት አባል ስላልሆነች፣ የፍቺው ውሳኔ ፍርድ ቤቱ አረጋግጦት፣ የሜሪላንድ ግዛት ጸሐፊ አናፖሊስ ላይ አትሞበት፣ ዋሽንግተን የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማኅተም አድርጎበት፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ አረጋግጦት፣ በመጨረሻም እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መቅረብ ነበረበት። ከዚያም ሰነዱ ተተርጉሞ፣ ጠበቃዬ በመከረኝ መሠረት፣ የውጭ አገር ፍርድ እውቅና እንዲያገኝ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመለከትን። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 456 ጀምሮ የሚያነሣቸውን ሁኔታዎች፣ በተለይም ተከሳሹ የመከራከር ዕድል ማግኘቱን፣ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑንና የዚያ አገር ፍርድ ቤቶችም የእኛን ፍርድ የሚያስፈጽሙ መሆናቸውን ፍርድ ቤቱ ይመረምራል። ጉዳዩ አሁንም በቀጠሮ ላይ ነው። እንደ እኔ ተፋታችሁ የምትመለሱ ከሆነ፣ የአሜሪካውን ማኅተም ሁሉ ሳትወጡ ጨርሱ፤ ከዚህ ሆኖ ሰው እየለመኑ ማስጨረስ ወዳጅነትን ይፈትናል።

ስለ ኑሮው በአጭሩ ልንገራችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ በተለቀቀ ጊዜ በዶላር የነበረኝ ጥሪት በብር ሲቆጠር አብጦ ነበር፤ ቤት ኪራይ ስጠይቅ እብጠቱ ረገበ። ጓደኞቼን ቡና እጋብዝበት የነበረው ፒያሳ በአብዛኛው ፈርሶ በሌላ ተተክቷል። ደመወዜ ከዚያኛው ጋር አይነጻጸርም፤ እናቴ ቤት ግን ከሥራ ስወጣ በታክሲ እደርሳለሁ።

የሜሪላንዷ ጓደኛዬ ልጇ ልትመረቅ ስለሆነ እንድመጣ ጠይቃኛለች። እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ የጉብኝት ቪዛ አመለክታለሁ። ማመልከቻው ከዚህ በፊት የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ ነበሩ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎ» ብዬ የአይ-407ቱን ቅጂ ይዤ እቀርባለሁ። ከተከለከልኩ ምርቃቱን በስልክ አያለሁ፤ እነርሱም ለገና ሲመጡ ድግሱን እዚህ እንደግመዋለን ተባብለናል።