አትንኩኝ

«ደርቲ ፓይፕ» የተባለው የሊኑክስ ከርነል (የኮምፒውተር ሥርዓቱ እምብርት) የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ የሆነው የካቲት 28 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሳምንት የማስተዳድራቸውን ሦስት ሰርቨሮች አደስሁ፤ ልቤ ግን አላርፍ አለኝ። በዓይኔ ማየት ስለነበረብኝ፣ ከርነሉ ያልታደሰ አሮጌ ላፕቶፔን አወጣሁ።

በሩት፣ ማለትም ሁሉን በሚችለው የአስተዳዳሪ መለያ፣ ስም አንድ ፋይል ፈጥሬ «አትንኩኝ» ብዬ ጻፍሁበት፤ ከማንበብ በቀር ማንም እንዳይነካውም ከለከልሁ። ከዚያ ምንም ሥልጣን በሌለው ተራ መለያ ገብቼ አጭሯን የመፈተኛ ፕሮግራም አስነሣሁ። ፋይሉን ስከፍተው «አለሁበት» ይላል። «አ»ን የተውሁት ወድጄ አይደለም፤ በዚህ ቀዳዳ የፋይሉን የመጀመሪያ ባይት (የ«አ» አንድ ክፍል የሆነውን) መንካት፣ ፋይሉንም ማስረዘም አይቻልም። ስለዚህ በ«አ» የሚጀምር፣ አምስት ፊደል ያለው ቃል ስፈልግ ቆይቼ ነበር። የተጠቃሚዎች መዝገብ በሆነው ፋይል ላይ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ያ ተራ መለያ የማሽኑ ጌታ ይሆን ነበር።

ላፕቶፑን አጥፍቼ ሳበራው «አትንኩኝ» ተመልሷል። የተለወጠው ከርነሉ በማህደረ ትውስታ የያዘው ቅጂ ነው፤ ዲስኩ ምንም አልሰማም። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

የቀዳዳው ምክንያት ትንሽ ነው። ከርነሉ የፋይልን ገጽ (በማህደረ ትውስታ የያዘውን ቁራጭ) ሳይገለብጥ ወደ ፓይፕ፣ መረጃ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ወደሚያልፍበት ቧንቧ፣ ሲያስገባ፣ ከቀድሞ አገልግሎት የቀረውን «እዚህ ላይ መቀጠል ይቻላል» የሚል ምልክት አያጠፋም ነበር። ስለዚህ ወደ ፓይፑ የተጻፈው ሁሉ በፋይሉ ገጽ ላይ ያርፋል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። መጠገኛው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ምልክቱን ዜሮ ማድረግ።

ቀዳዳውን ያገኘው ፕሮግራመሩ ማክስ ኬለርማን የደኅንነት ቀዳዳ እየፈለገ አልነበረም። አንድ ደንበኛ የታመቀ የሎግ (የሰርቨር ሥራ መዝገብ) ፋይል አልፈታ ብሎት አቤት አለ። ተጠገነ፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ተበላሸ፤ እንደገናም። በሦስት ወር ውስጥ የተበላሹ 37 ፋይሎች ቆጠረ፤ ብልሽቱ ከሌሎቹ ቀናት ይልቅ የሚበዛው በየወሩ መጨረሻ ቀን ፋይሎች ላይ ነበር። መጨረሻቸው ላይ ያሉት ስምንት ባይቶች የዚፕ ፋይል ራስጌ ነበሩ። ሎጎቹን ጠቅልሎ የዚፕ ፋይል የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ግን በሎጎቹ ላይ የመጻፍ መብት አልነበረውም! ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ዲስኩ ነው» ብሎ ይተወዋል። እሱ ጥፋቱን ከገዛ ፕሮግራሙ አንሥቶ እስከ ከርነሉ ድረስ ተከተለው።

እኔም ባለፈው ዓመት አልከፈት ያሉኝ ሁለት የሎግ ፋይሎች ነበሩኝ። «ዲስኩ ነው» ብዬ ሰረዝኋቸው። መጨረሻቸው ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ማየት እፈልግ ነበር።