ካርዱ አልሞተም፤ የጠራው አልነበረም

ሥራው ቀላል ነበር። በአራት ፓርቲሽን (እያንዳንዱ እንደ ራሱን የቻለ ሰርቨር በሚሠራ ክፍል) ከተከፈለ ትልቅ ሰርቨር ላይ የሦስተኛው ፓርቲሽን የፋይበር ቻናል ካርድ፣ ማለትም ማሽኑን በስዊች በኩል ዲስኮቹ ካሉበት ስቶሬጅ ጋር የሚያገናኘው፣ እያንገራገረ ስላስቸገረን በአዲስ መቀየር ነው። የተሰካበትን ስሎትም ስለጠረጠርኩት አዲሱን ካርድ እዚያው ፓርቲሽን ውስጥ ካለ ሌላ ስሎት ላይ ሰካሁት። ሌሊቱን የበላችው ያቺ ውሳኔ ናት።

ፓርቲሽኑን ሳስነሳው ራሱን ፈትሾ ጨረሰና የቡት መስመሮቹን (ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያለበትን ዲስክ የሚጠቁሙትን) በተራ ሞከረ። የመጀመሪያውን አጣው፣ ሁለተኛውንም አጣው፣ መጨረሻ ላይ ዩኢኤፍአይ ሼል ላይ ጣለኝ፤ ይህ ማሽኑን የሚያስነሳው ፈርምዌር የሚባለው ውስጣዊ ፕሮግራም ትእዛዝ የሚቀበልበት ቦታ ነው። የሚታዩትን ዲስኮች እንዲዘረዝርልኝ «ማፕ» ብዬ ጻፍኩ። የወጣው የዲቪዲ ማጫወቻው ብቻ ነው፤ ከስቶሬጅ የሚመጣ አንድም ዲስክ የለም።

ስቶሬጁን ለምትይዘው ባልደረባዬ ደወልኩ።

«ዲስኮቹን ለአዲሱ ካርድ ፈቅደሽልኛል?»

«ለየትኛው ካርድ? ስዊቹ ላይ እኮ የገባ ነገር የለም። ኬብልህን እየው።»

ኬብሉን ቀየርኩ። ኬብሉ የሚሰካበትን ትንሽ ማስተላለፊያ፣ ኤስኤፍፒውንም ቀየርኩ። የካርዱ መብራት ድርግም እንኳ አላለም። ካርዱ ሞቶ ነው የመጣው ብዬ ደምድሜ መለዋወጫ ማፈላለግ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ያዳነኝ እንዲያው ለወጉ ያህል ያስገባሁት፣ የተሰኩትን ካርዶች የሚዘረዝረው «ፒሲአይ» የሚለው የሼል ትእዛዝ ነው። ካርዱ ከነአምራቹ ኮድ ተዘርዝሮ ቁጭ ብሏል! ታዲያ ፈርምዌሩ ካየው ስዊቹ ለምን አላየውም?

ለካ ማየትና ማገናኘት ለየቅል ናቸው። በዩኢኤፍአይ አሠራር አንድ ካርድ ፒሲአይ (ካርዶች ከማሽኑ ጋር የሚገናኙበት መስመር) ላይ መገኘቱ ብቻውን ሥራ አያስጀምረውም። ፈርምዌሩ ካርዱን «አገናኝ» ሲባል በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያሉትን ድራይቨሮች (ካርድን የሚያሠሩ ፕሮግራሞች) በየተራ «ይሄ ያንተ ነው?» እያለ ይጠይቃል። «የኔ ነው» ያለው ድራይቨር ካርዱን ያስነሳዋል። የፋይበር ካርድ ስዊቹ ላይ የሚመዘገበው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያም ሰንሰለቱ ይቀጥላል፤ ካርዱ ዲስኮችን ይወልዳል፣ ዲስኩ ላይ የዲስኩን ክፍሎች የሚያነበው (ከሰርቨሩ ፓርቲሽን ጋር አይምታታ) የፓርቲሽን ድራይቨር ይመጣል፣ በላዩ የፋይል ሲስተሙ። ከሰንሰለቱ አንዱ ካልተያያዘ ከሱ በላይ ያለው ሁሉ የለም ማለት ነው።

ፈጣን ቡት የተባለው መቼት ሲበራ ደግሞ ፈርምዌሩ ሁሉንም ካርድ አያገናኝም። የቡት መስመሩ ውስጥ የተጻፈውን መንገድ ብቻ ይዞ ይወርዳል፤ ይህን የፒሲአይ ሥር፣ ይህን ስሎት፣ ይህን የስቶሬጅ ፖርት፣ ይህን ሉን (ስቶሬጁ የሚሰጠውን ዲስክ) እያለ። የኔ መስመር የሚያመለክተው የድሮውን ስሎት ነው። ፈርምዌሩ ወደ ባዶው ስሎት ሄዶ አንኳኳ፣ ማንም አልከፈተም፣ ተመለሰ። አዲሱ ካርድ ሁለት ስሎት አለፍ ብሎ ተቀምጦ ጠሪ ይጠብቃል።

«ኮኔክት -አር» አልኩ፤ ሁሉንም እስከ ታች አገናኝ ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ በራ፣ ወዲያውም ስልኬ ጮኸ። «አሁን መጣ፤ ምን አደረግክ?» አዲሱ ካርድ ከአሮጌው የተለየ መለያ ቁጥር አለውና ዞኒንጉንም (ስዊቹ ላይ ማን ከማን ጋር እንዲገናኝ የሚወስነውን) የዲስክ ፈቃዱንም በሱ አስተካከለች። እኔ ደግሞ ካርዱን «ሪኮኔክት» አልኩት፤ ቀድሞ ሲገናኝ ዲስክ ስላልነበረው እንደገና እንዲፈልግ። ቀጥሎ «ማፕ -አር»። ይቺ ትረሳለች፤ ካላደሷት ሼሉ የሚያሳየው የድሮውን ዝርዝር ነው። ዲስኮቹ ስክሪኑን ሞልተው ወረዱ። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ጫኚ ፋይል ፈልጌ በእጄ አስነሳሁት፣ ሲስተሙም ተነሣ።

እዚህ ላይ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ የፈጣን ቡቱን መቼት ወደ «ሁሉንም አገናኝ» ቀየርኩት። ሪስታርት ሳደርገው ፓርቲሽኑ እንደ በፊቱ ወደ ባዶው ስሎት ሄደ። ሁለት ኮንሶል ከፍቼ ስለነበር የቀየርኩት የሁለተኛውን ፓርቲሽን መቼት ነበር። እንዲህ ባለ ማሽን እያንዳንዱ ፓርቲሽን የየራሱ ፈርምዌርና የየራሱ የቡት ማኅደር አለው፤ አንዱ ላይ የተጻፈ ሌላው ጋ አይሄድም። ከዚያ ወዲህ የኮንሶሉን የፓርቲሽን ቁጥር ጮክ ብዬ ሳላነብ ምንም አልነካም፤ ሰው ቢስቅብኝም።

ሁለተኛውን እንደነበረ መልሼ በትክክለኛው ላይ ስሞክረው ደግሞ የመነሻው ጊዜ ርዝመት አስደነገጠኝ። ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ ለፓርቲሽኑ የተሰጡት 60 ሉኖች እያንዳንዳቸው በ8 መንገድ ይታያሉ። ለፈርምዌሩ ይህ 480 ዲስክ ነው። ሁለት መንገድ ወደ አንድ ዲስክ እንደሚያደርስ የሚያውቀው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው እንጂ እሱ አይደለም፤ ስለዚህ 480ውንም እየከፈተ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ይፈልጋል። ለአንድ የቡት ዲስክ ሲባል ይህን ሁሉ መጠበቅ ትርፉ አልታየኝም። መልሼ ፈጣን ላይ አደረግኩትና የቡት መስመር በሚጨምረው «ቢሲኤፍጂ ቡት አድ» ትእዛዝ አዲሱን ሙሉ መንገድ ከዝርዝሩ አናት ላይ ጻፍኩ። በፓርቲሽኑ ሁለተኛ የፋይበር ካርድ በኩልም ሌላ መስመር ጨመርኩ፤ ቀድሞ የነበሩት ሁለቱም መስመሮች በአንድ ካርድ የሚያልፉ ነበሩ፣ ይህም ከመጀመሪያው የኛው ስንፍና ነው።

የዲስኩን ፓርቲሽን መለያ ብቻ የሚይዝ አጭር መንገድም መጻፍ ይቻላል። ካርድ ስሎት ቢቀይር እንኳ አይሰበርም። ግን መለያው የትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ ለማወቅ ፈርምዌሩ ዲስኮቹን ማገናኘት አለበት፤ ተመልሰን እዚያው 480ው ጋ። ጥቂት ዲስክ ላለው ማሽን አጭሩን እመርጣለሁ፣ ለዚህኛው ግን አይሆንም።

አሮጌዎቹን ሁለት መስመሮች ያጠፋኋቸው ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አዲሱ መስመር አናት ላይ ስለሆነ ምንም አይጎዱም ብዬ ነበር። አንድ ቀን ስዊቹ ለጥገና ወርዶ ሳለ ፓርቲሽኑ ሪስታርት ሆነና የኮንሶሉን መዝገብ ሳነብ አገኘኋቸው፤ አዲሶቹ ሁለቱ ሲከሽፉ ፈርምዌሩ እንደገና ሄዶ ያንን ባዶ ስሎት ሲያንኳኳ።