የበጋው ሙቀትና የግቢያችን ውሾች፦ ከጎንደር የያዝኩት ማስታወሻ

ውሻና ድመት ለምታሳድጉ ሁሉ፣ ከየካቲት ጀምሮ የሞከርኩትንና የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ረዘም ይላል፤ ግን ግቢያችሁ ውስጥ የታሰረ ውሻ ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ጎንደር ወይና ደጋ ናት። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ሙቀት ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰን መተማና ሁመራ ነው። ግን ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ቀኑ 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ አዘዞ ደግሞ ዝቅ ስለሚል ከፒያሳ ትንሽ ይብሳል። ለእኛ ይቻላል። ጥላ እንመርጣለን፣ ውሃ እንቀዳለን፣ ጃኬታችንን እናወልቃለን። የታሰረ ውሻ ግን ባሰሩት ቦታ ይውላል፤ ፀሐይ ብትመጣበትም እዚያው ነው። እኔ በዚህ ሁሉ ወር ደጋግሞ የታየኝ ይሄ ነው፦ እዚህ ከተማ ውሻን ከአየሩ ይልቅ የሚጎዱት ሰንሰለቱና ቆርቆሮው ናቸው።

ከቤቱ ልጀምር። የውሻዬ የቡቺ ቤት እንደ ብዙ ግቢዎች የውሻ ቤት በቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ጣሪያውም ግድግዳውም። ክረምት ላይ ዝናብ ይመልሳል፣ ለዚያ ጥሩ ነው። መጋቢት ሲገባ ትንሽ የግድግዳ ቴርሞሜትር ገዝቼ ውስጡ ሰቀልኩ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የበረንዳው ጥላ 28 ሲያሳይ የውሻው ቤት ውስጥ 37 አነበብኩ። ይሄን ቁጥር በደንብ እዩት። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዙሪያው ያለው አየር ወደዚያ ሲጠጋ ሙቀቱን የሚያስወጣበት መንገድ ይጠበዋል። እኛ በመላ ሰውነታችን ያልበናል፤ ውሻ ግን የሚያልበው በእግሩ መዳፍ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ ዋናው ማቀዝቀዣው ማለክለክ ነው። ሲያለከልክ ከምላሱና ከመተንፈሻው የሚተነው ውሃ ነው ደሙን የሚያቀዘቅዝለት። ስለዚህ ውሃ ከሌለውና አየሩ ከታፈነ፣ ቢያለከልክም ሙቀቱን ማውረድ ያቅተዋል።

ቤቱን ማፍረስ አላስፈለገም። ጣሪያው ላይ እንጨት አጋድሜ በእንጨቱ ላይ ማዳበሪያ ዘረጋሁ፣ በማዳበሪያው ላይ ደግሞ ሣር ከመርኩበት። በቆርቆሮውና በማዳበሪያው መካከል ክፍተት መተው ወሳኝ ነው፣ ነፋሱ የሚያልፈው በዚያ ነው። ከኋላ ያለውን ቆርቆሮ ከታች ቆርጬ ከፈትኩት። ቤቱን በድንጋይ ከመሬት ከፍ አደረግኩት። ከዚያ በኋላ ቴርሞሜትሩ ከበረንዳው ጥላ ብዙም አይርቅም። ወጪው ሚስማርና የአንድ ከሰዓት ጉልበት ነው።

ቀጥሎ ሰንሰለቱ ነው። ቡቺ ቀን ቀን ካልታሰረ በር የሚከፍት ሰው ሁሉ ስለሚፈራው መፍታት አልተቻለም። ከወይራው ዛፍ እስከ አጥሩ ድረስ ሽቦ ወጠርኩና የሰንሰለቱን ጫፍ በቀለበት ሽቦው ላይ አስገባሁት። አሁን ቀለበቱ እየተንሸራተተ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ጠዋት ከአጥሩ ሥር ነው፣ ፀሐይ ስትዞር ወይራው ሥር። ውሻ ጥላውን ራሱ ያውቃል፣ የሚፈልገው መድረሻ ብቻ ነው። ይህን ከማድረጌ በፊት ቅዳሜ ቀን ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ጥላው በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓትና በ9 ሰዓት የት እንደሚያርፍ በኖራ ምልክት አደረግኩ። እናንተም ሞክሩት። ጠዋት ላይ ጥሩ ጥላ የነበረው ቦታ እኩለ ቀን ላይ ምድጃ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ውሃ። የጎንደርን ውሃ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በጋው ሲገፋ ደግሞ ፈረቃው ይረዝማል፣ ያኔ ጀሪካን ተሰልፎ ሲቀዳ መጀመሪያ የሚረሳው የውሻው ድርሻ ነው። ውሻ በደህናው ቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ አንድ ሊትር አካባቢ ይፈልጋል ማለት ነው፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ከዚያ በላይ። እኔ አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ለይቼ «የቡቺና የሚሚ» ብዬ ጻፍኩበት (ሚሚ ድመታችን ናት)፣ ቤት ውስጥ ማንም አይነካውም። ለመጠጫ ከወለቃ ሰፋ ያለ ሸክላ ገዛሁ። ሸክላ ሁለት ጥቅም አለው። ከባድ ስለሆነ ሰንሰለቱ ቢነካው አይገለበጥም። ደግሞም ውሃው በሸክላው አካል በትንሽ በትንሹ እየወጣ ስለሚተን የቀረው ቀዝቅዞ ይቆያል፤ የእንስራ ውሃ የሚጥመው በዚሁ ነው። የፕላስቲክ ሳህን ፀሐይ ላይ ሲውል ውሃው ስለሚሞቅ ቡቺ አሽትቶት ይሄድ ነበር። ከሸክላው ግን ይጠጣል። በየቀኑ እጠቡት፣ ካልታጠበ አረንጓዴ ያወጣል።

ምግብ ላይ የዐቢይ ጾም ነገር አለ። ጾሙ ከሙቀቱ ጋር ስለሚገጥም ቤት ውስጥ ያለው ሽሮና ምስር ነው፣ ውሻውም የሚያገኘው የዚያን ትራፊ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ የሐበሻ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። እኔ አሁን ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ሳይገባ ለብቻ ሩዝ ወይም ገንፎ እሠራለታለሁ፣ ከተገኘ እንቁላል ቀቅዬ እጨምርበታለሁ። ሳምባና ጉበት ስታመጡም በደንብ ቀቅሉት። ጥሬው ውስጥ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ ወደ ውሻው፣ ከውሻው ደግሞ ወደ ሰው የሚሻገር የትል በሽታ ያመጣል። ሰዓቱን ደግሞ ጠዋት በማለዳና ምሽት አደረግኩት፤ እኩለ ቀን ላይ የቀረበ ፍትፍት ቶሎ ይኮመጥጣል፣ ዝንብም ይሰበስባል። ለፋሲካ ጮማውንና የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አትስጡ። የበሰለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

የእግር ጉዞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። አየሩ 30 ሲሆን ፀሐይ የመታው አስፋልት ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ የእግሩን መዳፍ ይልጠዋል። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ወይም ኮብልስቶኑ ላይ አድርጉ፤ እስከ 7 እስክትቆጥሩ መታገሥ ካቃታችሁ ውሻውም አይችልም። የጀርመን ዝርያ ያላችሁ ሰዎች ፀጉሩን ልላጨው ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ ሰምቻለሁ። አትላጩት። ድርብ ፀጉሩ ከፀሐይ ይከልለዋል። የረገፈውን የውስጥ ፀጉር በማበጠሪያ ማውጣት ይበቃል።

ሚሚ ብዙ አላስቸገረችኝም። ድመት ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጋ ታገኛለች፤ የእኛዋ የሲሚንቶው ወለል ላይ ተዘርራ ትውላለች። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ድመት አፏን ከፍታ ስታለከልክ ካያችኋት ቀላል ነገር አይደለም፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዷት። ስትወስዷት ደግሞ በማዳበሪያ ቋጥራችሁ ባጃጅ ላይ እንዳትጭኗት። እየሰማችሁኝ ነው? ማዳበሪያ ውስጥ አየር የለም። ካርቶን ብዙ ቦታ ቀዳድታችሁ፣ ወይም ክዳን ያለው ቅርጫት ተጠቀሙ። መኪና ያላችሁም «ቶሎ እመለሳለሁ» ብላችሁ ዘግታችሁ አትሂዱ፤ የቆመ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ ብቻ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፣ መስኮቱን ትንሽ መክፈት ብዙም አይለውጠውም።

አሁን ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ነገር ልምጣ። ሚያዝያ ላይ እኩለ ቀን አልፎ ከሰፈራችን «አበደ! አበደ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ የጎረቤታችን ውሻ ከአጥሩ ሥር እንደታሰረ ይንገዳገዳል፣ ልጋጉ ወፍሮ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኑ ፈጧል። ልጆቹ ድንጋይ ይዘዋል። ቦታው ጥላ የለውም፣ የውሃ ጣሳው ተገልብጧል። ባለቤቲቱ እማማ «ልጄ፣ ጠዋት ደህና ነበር እኮ፣ ክትባቱንም አምና ወስዷል» አሉኝ። ይቺ ቃል ናት የረዳችን። በጀሪካን ውሃ አምጥተን ራቅ ብለን ሆዱና እግሮቹ ላይ አፈሰስንበት፣ ደጋግመን። የእማማ ልጅ በረጅም እንጨት ሰንሰለቱን አላቆ ወደ ጥላ ሳበው። አንዱ በካርቶን እያራገበለት ሌላው ውሃ ያፈስ ነበር። ቆይቶ ትንፋሹ ረጋ አለ፣ ጭንቅላቱን አነሳ፣ ከጣሳው ትንሽ ጠጣ። ቀዝቀዝ ሲል በባጃጅ ወደ እንስሳት ሕክምና ወሰድነው።

ሐኪሙ ብዙ ነገር አስረዳን። የውሻ ሙቀት ከ41 ሲያልፍ የውስጥ አካሉ መጎዳት ይጀምራል፤ ኩላሊት፣ ጉበት፣ አንጀት። በዓይን የዳነ የሚመስል ውሻ በማግስቱ ሊወድቅ ይችላል፣ ስለዚህ ቢሻለውም መታየት አለበት። ቅደም ተከተሉም መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ መውሰድ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ መንገድ ላይ ያለው ጊዜ ይገድለዋል። በረዶ መፈለግ አያስፈልግም፣ የቧንቧ ውሃ ይበቃል። እርጥብ ፎጣ ሸፍናችሁበት አትተዉት፤ ፎጣው ቶሎ ይሞቅና ሙቀቱን ያፍነዋል። ውሃው መፍሰስ አለበት፣ ነፋስም ማግኘት አለበት። ወደ አፉ በግድ ውሃ አትጨምሩ፣ ወደ ሳምባው ይገባል።

በሙቀት የተመታና ያበደ ውሻ እንዴት ይለያል ለሚለው፣ ተራ ሰው በእርግጠኝነት መለየት አይችልም። ሙቀት የመታው አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ላይ ከዋለ ወይም ከሮጠ በኋላ በድንገት ነው የሚለወጠው፣ በኃይል ያለከልካል፣ ድዱ ይቀላል፣ ሲቀዘቅዝ ይሻለዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ፀሐይ አይጠብቅም። ጠባዩ በቀናት ውስጥ ይለወጣል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ መንጋጋው ሊንጠለጠል ይችላል። ሰፈር ውስጥ «ውሃ ከጠጣ አላበደም» የሚባለውን እባካችሁ አትመኑ፤ ውሃ መፍራት በሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው፣ ያበደ ውሻ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ስለዚህ ክትባቱን ለማታውቁት ውሻ ውሃውን ከሩቅ አፍስሱለት፣ አፉን አትንኩ፣ ልጆችን አርቁ፣ ባለሙያ ጥሩ። ከነከሰ ወይም ልጋጉ ቁስል ከነካ ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ ግን ቀድሞ ከተወሰደ ያድናል።

የእማማ ውሻ ክትባት ባይኖረው ኖሮ ማናችንም ደፍረን አንጠጋም ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለውሻ ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ ነው። ለዚህም ለሌላውም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው ያለው፣ እንጠቀምበት።

ሁለት ነገር ስለ መድኃኒት። ውሻው ወይም ድመቷ ሲሞቃቸው «ትኩሳት ነው» ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጡ። ለድመት አንድ ክኒን እንኳ ይገድላል። ለሙቀት መመታትም አይሠራም፣ ትኩሳትና ፀሐይ ያመጣው ሙቀት የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው መዥገርና ቁንጫ ነው፤ ቡቺ ጆሮው ውስጥና ጣቶቹ መካከል ነበረበት። ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት በግምት በጥብጦ መቀባት አደገኛ ነው፣ ራሱን ስለሚልስ ይመርዘዋል። ለውሻ የተሠራና ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ደግሞ ለድመት መርዝ ነው። ቡቺን ቀብታችሁት ሚሚ አጠገቡ ከተኛች ለእሷም ይተርፋታል፣ እስኪደርቅ ለዩአቸው።

አሁን ግንቦት ነው። እማማም ግቢ ሽቦ ወጥረናል፣ ውሻው አሁን ጥላ ሥር ይውላል፣ የኩላሊት ምርመራው ደህና ነው ተብሏል። ሰኔ ዝናብ ሲገባ ጣሪያው ላይ ያለው ሣር ስለሚበሰብስ አንስቼ ላስቲክ ላደርግበት አስቤያለሁ። ያልፈታሁት የዶሮዎቹን ነው፤ የዶሮ ቤቱም ቆርቆሮ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ያለከልካሉ። አዘዞ ወይም ቆላ ድባ በኩል ዶሮ የምታረቡ ካላችሁ ጣሪያውን በምን እንደምትሸፍኑ ጻፉልኝ፣ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ልሠራው ነው።