ማክቤዝ በዙሉ ምድር
ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን የሄድኩት ለሥራ ነው። የቀረችኝን አንድ ቀን ግን ባሕር ዳር መጨረስ አልፈለግሁም፤ ሐሳቤ ሁሉ «ኡማባታ» የሚባለው ቴአትር ላይ ነበር። ዌልካም ምሶሚ የተባለው የዙሉ ጸሐፌ ተውኔት የሼክስፒርን ማክቤዝ ከስኮትላንድ ነቅሎ የዙሉ ነገሥታት ግቢ ውስጥ ተከለው። ቴአትሩ መጀመሪያ የታየው እዚሁ ደርባን፣ በያኔው ናታል ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በዓመቱ ለንደን ታየ።

ጠዋት ዋርዊክ ከሚባለው ሰፈር ሚኒባስ ያዝኩ። እንደኛው ታክሲ ነው የሚሉት። ረዳት ግን የለውም፤ ሒሳቡ ከኋላ ወንበር እጅ በእጅ እየተቀባበለ ሹፌሩ ጋ ይደርሳል፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣል። ከከተማው ከወጣን በኋላ መንገዱ በሸንኮራ አገዳ መሀል ነው። ወደ 70 ኪሎ ሜትር ሄደን ክዋዱኩዛ ገባን።

የዙሉው ንጉሥ ሻካ የተገደለው እዚህ ነው፤ በሴፕቴምበር 1828። የገደሉት የአባቱ ልጆች፣ ዲንጋኔና ምህላንጋና፣ ከባለሟሉ ከምቦፋ ጋር ሆነው ነው። ጦሩ ወደ ሰሜን ዘምቶ ስለነበር የሚከላከልለት አልነበረም።

መታሰቢያው የቆመው ከተማው መሀል፣ ሱቆቹ አጠገብ ነው። በ1932 ነው የተሠራው። እዚያው አንድ ድንጋይ አለ፤ ሻካ ሲገደል ተቀምጦበት ነበር ይባላል። አንድ ሽማግሌ አገኘሁና «ሳዉቦና፣ ባባ» አልኳቸው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና አጠገቡ ወሰዱኝ። ሻካ የወፍ ላባና ቆዳ ያመጡ ሰዎችን እየተቀበለ ነበር አሉ፤ ምቦፋ ሰዎቹን «ለምን ዘገያችሁ» ብሎ አባረራቸው፣ ወንድማማቾቹ ያኔ ጦራቸውን ጨብጠው ደረሱ። በእጃቸው እያሳዩ ነው የሚነግሩኝ፤ የወጉበትን ጎን ሳይቀር።

ምሶሚ ለምን እንደተሳካለት እዚያ ቆሜ ይበልጥ ገባኝ። ንጉሥን በገዛ ቤተሰቡ እጅ መግደል ለዙሉ ተመልካች የራሱ ቁስል ነው። የሚገደለው ንጉሥ ዳንካን ዳንጋኔ ሆነ፣ ገዳዩ ማክቤዝ ማባታ፣ ሚስቱ ካማዶንሴላ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ለማክቤዝ ንግሥናን የሚተነብዩለት የሦስቱ ጠንቋዮች ነገር ነው። በነሱ ቦታ የገቡት ሳንጎማዎች ናቸው። ሳንጎማ ደግሞ ከአያቶች መንፈስ ጋር የሚነጋገር፣ የታመመ የሚፈውስ፣ የተከበረ ሰው ነው። ሳንጎማ «ትነግሣለህ» ካለህ እንዴት አላምንም ትላለህ? የማባታ ጥፋት ይከብዳል፣ ያሳዝናልም።

ቴአትሩ ተተችቷል። በአፓርታይድ ዘመን ከበሮና ጋሻ ይዞ ለንደን መሄድ ነጮቹ ማየት የሚፈልጉትን አፍሪካ ማሳየት ነው ያሉ ነበሩ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ማንዴላ ግን በኋላ እንደገና እንዲታይ አበረታቱ፤ በ1997 ለንደን፣ ግሎብ በሚባለው የሼክስፒር ቴአትር መድረክ ላይ ወጣ። እኔም ከማንዴላ ጋር ነኝ፤ ከበሮው የራሳቸው ነው፣ ሌላ ሰው ስለተመለከተው አይጥሉትም።

በመልሱ መንገድ ሁሉ የኛን አገር ነበር የማስበው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ማክቤዝን በአማርኛ ሰጥቶናል፣ ውለታው ትልቅ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ወጣት ጸሐፊ ታሪኩን ዘመነ መሳፍንት ውስጥ ቢያስገባው ደስ ይለኛል። ንጉሡ ጎንደር ግቢ ውስጥ፣ ማክቤዝ አንድ ደጃዝማች፣ ትንቢቱን የሚናገረው ደግሞ ጠንቋይ ሳይሆን ከዋሻ የወጣ ባሕታዊ። የባሕታዊ ቃል ሲሆን እኛም አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብለን እናምነዋለን።