ሴቲንጉ የት ነው ያለው? ከአሮጌው ላፕቶፕ የወጣሁባቸው ሦስት ቅዳሜዎች

አማተር ሬዲዮ (በትርፍ ጊዜ በራስ ሬዲዮ ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር መገናኘት) የምሠራበት አሮጌው ላፕቶፔ እያጣጣረ ነበር። ስክሪኑ ይርገበገባል፣ ባትሪው ሃያ ደቂቃ አይሞላም። አዲስ ገዛሁና «ፕሮግራሞቹን ጭኜ ዛሬ ማታውኑ ሬዲዮ ላይ ነኝ» አልኩ። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ለማታውቁኝ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ያለኝ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ቴክኒሺያን፣ የአሜሪካ የመጀመሪያው ደረጃ፣ ነው። ፈተናው 35 ጥያቄ ነው፣ 26 ካገኛችሁ ታልፋላችሁ። በዚህ ፈቃድ አጭር ሞገድ ላይ ዲጂታል የምንሠራው 10 ሜትር ባንድ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሎዬም አዳሬም 28.074 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ኤፍቲ8 (በኮምፒውተር በኩል አጫጭር መልእክት የምንለዋወጥበት ዘዴ) ነው።

ኤፍቲ8ን የምሠራው በደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ ነው። ይህ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ሲጫን ሲ ድራይቭ ውስጥ ደብሊውኤስጄቲ የሚል ፎልደር ይሠራል። እኔም ያንን ሙሉውን በፍላሽ ገልብጬ አዲሱ ላይ አስቀመጥኩት። ስከፍተው ኮልሳይኔን (የጣቢያዬን መለያ ስም) ጠየቀኝ። ዓመት ሙሉ አብረን ያመሸን አይመስልም።

ያ ፎልደር የፕሮግራሙ ቤት ነው፣ ሴቲንጉ ግን እዚያ አያድርም። ያለው ዩዘርስ › የእናንተ ስም › አፕዳታ › ሎካል › ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ ውስጥ ነው። አፕዳታን ደግሞ ዊንዶውስ ይደብቀዋል፤ «ሂደን አይተምስ» የሚለውን ካላበራችሁ አይታያችሁም። አቋራጭ አለው፤ ፕሮግራሙን ከፍታችሁ ፋይል ሜኑ ውስጥ «ኦፕን ሎግ ዳይሬክተሪ» ስትሉ ራሱ ወስዶ እዚያው ያደርሳችኋል። ይህን ያወቅኩት ግማሽ ቀን ካባከንኩ በኋላ ነው።

እዚያ ውስጥ መጨረሻው አይኤንአይ የሆነ ፋይል አለ። ኖትፓድ ይከፍተዋል፣ ተራ ጽሑፍ ነው። ኮልሳይን፣ ግሪድ፣ ማለትም ያለሁበትን አካባቢ የሚናገረው ኮድ (የእኔ ኤፍኤም18 ነው)፣ የሬዲዮው ዓይነት፣ የኮም ፖርቱ (ሬዲዮው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት በር) ቁጥር፣ የድምፅ መግቢያና መውጫው ስም፣ ሁሉም እዚያው ተደርድሯል። ለሁለት ሬዲዮ ሁለት ኮንፊገሬሽን ሠርታችሁ ከሆነ ሁለቱም ያሉት እዚሁ አንድ ፋይል ውስጥ ነው።

አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝና ገለበጥኩት። ፕሮግራሙ ግን ክፍት ነበር። ስዘጋው በእጁ የያዘውን ባዶ ሴቲንግ እላዩ ላይ ጻፈበት። እንደገና ከዜሮ። መጀመሪያ ዝጉ፣ ከዚያ ገልብጡ።

በሁለተኛው ሙከራ ኮልሳይኔም ግሪዴም ልክ መጡ። ጆሮ ግን የለውም። አሮጌው ላፕቶፕ ሬዲዮውን ኮም 3 ይለው ነበር፣ አዲሱ ኮም 5 ብሎታል። የድምፅ ካርዱም ስም ፊት ዊንዶውስ «2-» ለጥፎበታል። ፋይሉ የሚያስታውሰው የድሮውን ስም ነው፣ በዚያ ስም የሚጠራ ነገር ደግሞ አዲሱ ላይ የለም። እነዚህን በእጅ መምረጥ ግድ ነው፤ ፋይል ገልብጦ የሚዘለል አይደለም።

ማምሻውን መስማት ጀመርኩ። ሲገርመኝ፣ በየ15 ሰከንዱ የሚመጣው ጣቢያ ሁሉ የ«አዲስ አገር» (ገና ያልተገናኘሁት አገር) ቀለም ተቀብቶ ይመጣል። ጣሊያን አዲስ፣ ብራዚል አዲስ፣ ኧረ አሜሪካም አዲስ! ሴቲንጉን ስገለብጥ አጠገቡ ያለውን፣ መጨረሻው ኤዲአይ የሆነውን የሎግ (የግንኙነት መዝገብ) ፋይል ትቼዋለሁ። ፕሮግራሙ ከማን ጋር እንደሠራሁ የሚያውቀው እሱን አንብቦ ነው። እሱን አምጥቼ ፕሮግራሙን ዘግቼ ስከፍተው ቀለሙ ረጋ። ኦል-ቲኤክስቲ የሚባለውን የሰማውን ሁሉ የሚመዘግብ ግዙፍ ፋይል ግን አላመጣሁትም፣ ማንም አያነበውም።

ሁለተኛው ቅዳሜ የቲኪውኤስኤል ነበር። ሎግቡክ ኦፍ ዘ ወርልድ በሚባለው የግንኙነት ማረጋገጫ ድረ ገጽ ላይ ግንኙነቶቻችንን ፈርመን የምንልክበት ነው። የተቀሩት ሴቲንጎች ቢጠፉ እንደገና ትሞሏቸዋላችሁ። እዚህ ግን ያለው ሰርተፊኬትና የግል ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ የሚፈጠረው ሰርተፊኬቱን በጠየቃችሁበት ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ከሞተ ቁልፉም አብሮት ይቀበራል፣ ሰርተፊኬት ሌላ መጠየቅ ነው። ደግነቱ ፋይል ሜኑው ውስጥ ባካፕ አለ፤ ሰርተፊኬቱንም የጣቢያ ቦታዎቹንም በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ይሰጣችኋል። አዲሱ ላይ ሪስቶር ማለት ነው፣ አለቀ። አምስት ደቂቃ። ያን ፍላሽ አሁን ከፓስፖርቴ ጋር ነው የማስቀምጠው።

ፍልዲጂን፣ ሌላውን የዲጂታል ፕሮግራም፣ የሠራው ሰው ግን ይባረክ። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንጉን፣ ማክሮውን (በአንድ ቁልፍ የሚላኩትን ዝግጁ መልእክቶች)፣ ሎጉን ሁሉ ፍልዲጂ-ፋይልስ በሚል አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቧል፤ እሱም በስማችሁ ፎልደር ውስጥ፣ በግልጽ ይታያል። ቺርፕ፣ የሬዲዮ ቻናሎችን የምንሞላበት ፕሮግራም፣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ባኦፌንጓን (የእጅ ሬዲዮዋን) ስታነቡ የሚወጣው ፋይል የሬዲዮዋ የማስታወሻ ቅጂ ስለሆነ ለሌላ ሞዴል አይሆንም። ቻናሎቹን ወደ ሌላ ሞዴል ለማዛወር በሲኤስቪ (በሠንጠረዥ ፋይል) ማውጣት ወይም ሁለቱን ፋይል ከፍቶ ኮፒ-ፔስት ማድረግ ነው። አንዲት ልማድ ይዣለሁ፤ አዲስ ሬዲዮ ስገዛ ምንም ሳልነካ መጀመሪያ አንብቤ እንደመጣ ሴቭ አደርጋለሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ጉራ ነበር። ሁሉን በራስበሪ ፓይ (ሊኑክስ በሚሠራበት ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ልሞክር አልኩ። ሊኑክስ ላይ ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ ዕቃውን ሁለት ቦታ ነው የሚያስቀምጠው። ሴቲንጉ ሆም ውስጥ በነጥብ የሚጀምረው ኮንፊግ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ሎጉ ደግሞ በነጥብ የሚጀምረው ሎካል፣ ከዚያ ሼር ውስጥ። በነጥብ የሚጀምር ፎልደር እዚያም አይታይም፣ ኮንትሮልና ኤች ስትጫኑ ብቅ ይላል። የዊንዶውሱን አይኤንአይ ፋይል ብቀዳም ውስጡ ሲ ድራይቭ እያለ የሚጠራቸው አድራሻዎች አሉበት፣ ኮም 5 የሚባል ነገርም ሊኑክስ አያውቅም። ተውኩትና በእጄ ሞላሁት፣ ሩብ ሰዓትም አልወሰደ። ሎጉን ብቻ አመጣሁ።

ቀለሞቹ አሁን በሁለቱም ማሽን አንድ ናቸው። ጣሊያንም ብራዚልም አርጅተዋል። ከኢትዮጵያ ጋር ግን ገና አልተገናኘሁም። አምስት ኪሎ ያለው የክለቡ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ አንድ ቀን ከኬጄ99 (ከአዲስ አበባ ግሪድ) ብቅ ቢል በአዲስ አገር ቀለም ነው የሚመጣልኝ።